የፋውንቴን ብዕር ቀለም እንዴት ይመረጣል?

በዚህች አጭር ጽሑፍ ስለ ፋውንቴን ብዕር ቀለም ላወጋችሁ ነው። «በቢክ እስክሪብቶ ዘመን ደግሞ ፋውንቴን ብዕር ምን ሊሠራ?» የሚል አይጠፋም። ግን እኮ በእኛው ዲፓርትመንት ውስጥም በፋውንቴን ብዕር የሚጽፍ ሰው አለ፤ አንዱ እኔ ነኝ።

የመጀመሪያውን ብልቃጥ የገዛሁት ሰማያዊነቱ ስላማረኝ ብቻ ነበር። የሁለት ሳምንት የታይትሬሽን ንባቤን በዚሁ ቀለም በላብራቶሪ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። አንድ ቀን ታዲያ አጠገቤ የነበረ የውኃ ጠርሙስ ተገለበጠና ደብተሬ ራሰ። ሳደርቀው ከቁጥሮቹ የተረፈው ሰማያዊ ደመና ብቻ ሆነ! ሥራውን እንደገና ከሀ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ቀለም ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው «ያምራል ወይ?» ብዬ ሳይሆን «የምጽፈው ነገር ምን መቋቋም አለበት?» ብዬ ነው።

ይህን ለመመለስ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው።

አንደኛው በውኃ ከሚሟሟ ማቅለሚያ የሚሠራው ነው። በገበያ ላይ ያለው አብዛኛው የፋውንቴን ብዕር ቀለም ይኸው ነው። ውኃ፣ ማቅለሚያ፣ የብዕሩ ጫፍ ላይ ቶሎ እንዳይደርቅ እንደ ግሊሰሪን ያለ ነገር፣ እንዲሁም ሻጋታ የሚከላከል ኬሚካል ይገባበታል። ብዕር አይደፍንም፤ በውኃ በቀላሉ ይታጠባል። ጥሩነቱም መጥፎነቱም ይኸው ነው፤ ከብዕሩ በቀላሉ የሚታጠብ ከወረቀቱም ይታጠባልና። በተለይ «የሚታጠብ ሰማያዊ» የሚባለውን የበረኪና ጠብታ ካገኘው ድራሹ ይጠፋል። ስለዚህ ፊርማ ላይ ባይውል ይመረጣል።

ሁለተኛው የብረት ቀለም ነው። ፌረስ ሰልፌትንና ከዛፍ እብጠት የሚገኝን ታኒን በማዋሃድ ይሠራል። ሲጻፍበት ገርጣ ያለ ነው፤ አየር ሲያገኘው ግን ፌረሱ ወደ ፌሪክ ይለወጥና ከታኒኑ ጋር በውኃ የማይሟሟ ጥቁር ውሕድ ይሠራል። ይህ የሚሆነው በወረቀቱ ክሮች መካከል በመሆኑ አጥቦ ማስለቀቁ ከባድ ነው። ገና ሲጻፍ በደንብ እንዲታይ ሰማያዊ ማቅለሚያ ይጨመርበታል፤ «ሰማያዊ ጥቁር» የተባለውም ከዚህ የተነሣ ነው። እርግጥ ዛሬ በዚህ ስም የሚሸጠው ሁሉ ብረት የለበትም፤ የብልቃጡን ጽሑፍ ማንበብ ነው። በእንግሊዝ አገር የጋብቻና የልደት መዝገቦች ለረጅም ዘመን የተጻፉት በዚህ ቀለም ነበር። አሲድነት ስላለው ግን ብዕሩን ቶሎ ቶሎ ማጠብ ይጠይቃል።

ሦስተኛው የማይሟሙ ደቃቅ ቅንጣቶች የያዘው ነው። የአገራችን ጸሐፍት ብራና ላይ የሚጽፉበት ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ ሲሆን ካርቦን በብርሃን አይደበዝዝም። ቀለሙን በቀንድ ያስቀምጡ ስለነበር ነው ሊቁን «የቀለም ቀንድ» የምንለው። ይሁን እንጂ ይህንንም ሆነ ቻይና ቀለምን ፋውንቴን ብዕር ውስጥ እንዳትጨምሩ! ቅንጣቱና ማጣበቂያው ደርቆ ይደፍነዋል። ለፋውንቴን ብዕር ተብሎ የተዘጋጀ ባለ ቅንጣት ቀለም ለብቻው አለ።

ዓይነቱ ከተለየ በኋላ ወደ መልኩ እንምጣ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ቀለም ያታልላል፤ ብዙ ስለሆነ ሰማያዊውም ሐምራዊውም ጥቁር መስሎ ይታያል። መመዘን ያለበት በራሳችሁ ብዕር፣ በምትጽፉበት ወረቀት ላይ፣ ከደረቀ በኋላ ነው። የማቅለሚያ ቀለም እርጥብ ሳለ ደምቆ ሲደርቅ ሳሳ ይላል፤ የብረቱ ደግሞ እያደር ይጠቁራል። ቀጭን ጫፍ ያለው ብዕር ጥቂት ቀለም ስለሚያወርድ መልኩን ያሳሳዋል። በፍሎረሰንት መብራት ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በፀሐይ ብርሃን ሊለያዩ ይችላሉና በመስኮት አጠገብም ተመልከቱት።

ከዚያ ሦስት ቀላል ሙከራዎች አሉ። መጀመሪያ፣ ጽፋችሁ ቢያንስ አንድ ቀን አሳድሩትና ውኃ ጠብ አድርጉበት። ቀጥሎ፣ የጽሑፉን ግማሽ ሸፍናችሁ ወረቀቱን ለአንድ ወር ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፉት፤ ስትገልጡት ልዩነቱን ታያላችሁ። ሦስተኛው የራሳችን ሙያ ነው። በማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ ቀለም አድርጋችሁ የወረቀቱን ጫፍ ብቻ ውኃ ውስጥ ስትነክሩት፣ ጥቁር ያላችሁት ቀለም ሰማያዊ፣ ቀይና ቢጫ ሆኖ ሊበተን ይችላል። ክሮማቶግራፊ ማለት ከግሪክኛው «በቀለም መጻፍ» እንደ ማለት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1906 ስሙን ያወጣለት ሩሲያዊው ሚካኤል ጽቬት የራሱም ስም በሩሲያኛ «ቀለም» ማለት ነው።

በመጨረሻም ሁለት ዓይነት ቀለም አንድ ብዕር ውስጥ አትቀላቅሉ፤ አሲድነታቸው ስለሚለያይ ዝቃጭ ሊፈጥሩ ይችላሉ። እኔ ዛሬ የላብራቶሪ ደብተሬን የምጽፈው በብረት ቀለም ነው። ያ ውብ ሰማያዊም አልተጣለም፤ ቢጠፋ ለማያሳዝነው ማስታወሻ ይሆናል። ቸር እንሰንብት!