በእርግዝና መጀመሪያ የስኳር ምርመራ፦ እሺ ልበል ወይስ እምቢ?

ዛሬ የምናነበው ቃል «ስኳር» የሚለው ነው። ስ - ኳ - ር። ባቢሌ ገበያ ላይ ስኳር በየሱቁ አለ። የዛሬው ነገራችን ግን በደም ውስጥ ስላለው ስኳር ነው።

አንዲት እኅታችን የሁለት ወር ነፍሰ ጡር ናት እንበል። ለክትትል ጤና ጣቢያ ሄደች። ባለሙያዋ፣ «የደም ስኳርሽን እንለካ» አለቻት። እኅታችን አመነታች። «እኔን ምንም አላመመኝ፤ ለምን እወጋለሁ? ተገኘብሽ ብባልስ ባሌ ምን ይላል?» ብላ አሰበች። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። እኔ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ቢሆንም የተማርኩትን አብረን እንየው።

የበላነው እንጀራ፣ ሩዝና ፓስታ በሆዳችን ውስጥ ወደ ስኳር ይለወጣል። ስኳሩ በደም ይዞራል። ቆሽት ደግሞ ኢንሱሊን የሚባል ነገር ያመነጫል። ኢንሱሊን እንደ ቁልፍ ነው፤ ለስኳሩ የሰውነትን በር ይከፍትለታል። ቁልፉ ሲያንስ ወይም አልሠራ ሲል ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማቻል። ስኳር በሽታ የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሰው ይዞት ሳለ አያውቀውም።

ለነፍሰ ጡር አለማወቁ ይከፋል። የሕፃኑ ልብና አከርካሪ የሚሠሩት በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ነው። ያኔ የእናት ስኳር በጣም ከፍ ካለ ጽንሱ ሊወርድ ይችላል፤ ሕፃኑም ጉድለት ይዞ ሊወለድ ይችላል። በኋለኞቹ ወራት ደግሞ ሕፃኑ ከልክ በላይ ይወፍርና ምጡ ይከብዳል። ስለዚህ ክትትሉን ሳትዘገዪ ጀምሪ።

ምርመራው ምንድን ነው? ጣትሽ ይወጋል፤ ወይም ከክንድሽ ትንሽ ደም ይወሰዳል። ለ8 ሰዓት ያህል ምግብ ሳትቀምሺ ከተለካ፣ 126 ወይም ከዚያ በላይ ስኳር በሽታን ያመለክታል። ከ92 እስከ 125 ያለው የእርግዝና ስኳር ይባላል። ሽንት ብቻ ማየት አይበቃም፤ በጤነኛ ነፍሰ ጡር ሽንትም ስኳር ሊታይ ይችላል። የጾም ወራት ከሆነ ለባለሙያዋ ንገሪያት።

እናትሽ ወይም ወንድምሽ ስኳር ካለባቸው፣ በፊት ከ4 ኪሎ በላይ የሚመዝን ልጅ ከወለድሽ፣ ወይም ባለፈው እርግዝና ስኳር ከነበረብሽ ምርመራው ይበልጥ ያስፈልግሻል።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ የታተመ አንድ ጥናት አለ። በአውስትራሊያ፣ በኦስትሪያ፣ በስዊድንና በሕንድ 802 ነፍሰ ጡሮች ተሳትፈዋል። ሁሉም ከ20 ሳምንት በፊት የእርግዝና ስኳር የተገኘባቸው ናቸው። ቶሎ ከታከሙት ከ100 ልደት በ25 ያህሉ ችግር ታየ። ሳይታከሙ ከቆዩት ግን በ30 ያህሉ ታየ። ልዩነቱ ትልቅ አይደለም፤ ግን አለ።

ቢገኝብሽስ? ብዙ ጊዜ አመጋገብ ማስተካከልና በእግር መሄድ ይበቃል። የሻይሽን ስኳር ቀንሺ፤ ለስላሳ መጠጥ ተዪ። በብስኩት ፈንታ የባቢሌያችንን ለውዝ ቅመሺ። ይህ ካልበቃ መድኃኒት ይታዘዛል። ኢንሱሊን ቢሰጥሽ አትፍሪ፤ ወደ ልጅሽ አያልፍም። ከወለድሽ በኋላም እንደገና ተመርመሪ።

ወንድሞች ሆይ፣ ለእናንተም ቃል አለኝ። ይህ በሽታ የሚስት ጥፋት አይደለም። ሻይ ስኳር አነሰው ብላችሁ አትቆጡ። ወደ ጤና ጣቢያ አብራችሁ ሂዱ።

እኅቴ፣ ውሳኔው የአንቺ ነው። ማንም አያስገድድሽም። ጠይቂ፤ መልሱን ስሚ፤ ከዚያ እሺ ወይም አይሆንም በዪ። ዛሬ ባትቀበዪም ክትትልሽን አታቋርጪ። ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ ምርመራውን ጠይቂ፤ ያን ጊዜ እንግዴ ልጁ የኢንሱሊንን ሥራ ያዳክማልና። ዛሬ ደህና ነሽ የተባልሽም ያኔ ተመርመሪ።

ከተመረመርሽ ቁጥሩን በካርድሽ ላይ አጽፊ። ቤትሽ ስትደርሺም ራስሽ አንብቢው። ፊደል የቆጠርሽው ለዚህም ነው።