የጋንጃ ሕግና የጃማይካ ገበሬ

ሕግ ከሰማይ አይወርድም። አውጪ አለው፤ አውጪውም የቆመለት መደብ አለው። ይህ አባባል በስብሰባ አዳራሽ ብቻ ለሰማው ሰው ረቂቅ ይመስለው ይሆናል፤ በአንዲት ቅጠል ታሪክ ውስጥ ግን ገሃድ ሆኖ ይታያል። ቅጠሏ በኛ ሰፈር ሐሺሽ፣ በሳይንስ ካናቢስ፣ በጃማይካ ደግሞ ጋንጃ የምትባለው ናት። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት በጃማይካ ባርነት በ1838 ፈጽሞ ሲቀር፣ ነፃ የወጣው ጥቁር ሕዝብ በርካሽ የቀን ሒሳብ ሸንኮራ ለመቁረጥ አሻፈረኝ አለ። ባለ እርሻዎቹ ምትክ ጉልበት ፈለጉ። ከ1845 እስከ 1917 ድረስ 36 ሺህ ገደማ ሕንዳውያን በውል ታስረው በመርከብ ወደ ደሴቲቱ ተጓዙ። ጋንጃ የሚለው ቃል ራሱ የሕንድ ነው፤ ቅጠሏንም ከነስሟ ያስገቡት እነዚሁ የውል ሠራተኞች ናቸው ተብሎ ይታመናል። ጥቁሩ ገበሬ ከእነርሱ ተቀብሎ በጓሮው አበቀላት።

ቅራኔው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሕንድ አገር ይኸው የእንግሊዝ መንግሥት ከጋንጃ ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። በ1893 ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሲዮን 1,193 ምስክሮችን ሰምቶ በ1894 ሰባት ጥራዝ ሪፖርት አቀረበ፤ ቅጠሏ በልክ ስትወሰድ ጉዳቷ ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ ፈጽሞ መከልከልም አያስፈልግም፣ ቁጥጥርና ቀረጥ ይበቃል አለ። በጃማይካስ? በ1913 በወጣው የጋንጃ ሕግ ማብቀልም ማስገባትም ተከለከለ። ግፊቱ የመጣው ከወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤና ከነጭ ባለጸጎች ነበር። አንድ ዘውድ፣ አንድ ቅጠል፣ ሁለት ሕግ! ልዩነቱን በቅጠሏ ኬሚስትሪ ውስጥ የሚፈልግ ሰው በከንቱ ይደክማል። በሕንድ የግምጃ ቤት ገቢ ነበረች፤ በጃማይካ የድሃ ብቻ ነበረች።

በ1930ዎቹ የተነሡት ራስ ተፈሪያውያን ቅጠሏን የጸሎታቸው አካል አደረጓት። ነፃነት በ1962 ሲመጣ ሕጉ ይላላል ተብሎ ሲጠበቅ ጭራሽ ጠበቀ። በሚያዝያ 1963 በሞንቴጎ ቤይ አጠገብ በኮራል ጋርደንስ ስምንት ሰዎች ከሞቱበት ግጭት በኋላ ፖሊስ ራስ ተፈሪያውያንን በጅምላ አሰረ፤ ጸጉራቸውንም በግድ ቆረጠ። መንግሥት ለዚህ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው ከ54 ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በ1964 ደግሞ ቅጠሏን ይዞ መገኘት ብቻ ቢያንስ 18 ወር የሚያሳስር ሆነ፤ ዳኛው ሊራራ ቢወድ እንኳ ሥልጣኑ አልነበረውም። ይህ ግዴታ እስከ 1972 ዘለቀ።

በ2001 በፕሮፌሰር ባሪ ሺቫንስ የተመራ ብሔራዊ ኮሚሲዮን አዋቂ ሰው በግሉ ቢጠቀም ወንጀል መሆኑ ይቅር ሲል አሳሰበ። ልብ ይባል፣ ለልጆች ይፈቀድ አላለም፤ በለጋ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚካድ አይደለምና። ዩናይትድ ስቴትስ ሐሳቡን ተቃወመች። ሰነዱም ከመደርደሪያ ዋለ፤ ከዓመታት በኋላ ግን የዩናይትድ ስቴትስ ክፍለ ግዛቶች ራሳቸው ቅጠሏን በሱቅ መሸጥ ጀመሩ። ኮሎራዶና ዋሽንግተን በ2012 በሕዝብ ድምፅ ፈቀዱ። ይህን ሁለት ሚዛን አንባቢ ራሱ ይፍረደው።

ጃማይካ ሕጓን ያሻሻለችው በ2015 ነው። እስከ ሁለት አውንስ መያዝ የሚያሳስር ወንጀል መሆኑ ቀርቶ በ500 የጃማይካ ዶላር መቀጮ የሚታለፍ ጥፋት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ አምስት ተክል እንዲያበቅል፣ ራስ ተፈሪያውያንም ለአምልኮ እንዲጠቀሙ ተፈቀደ። በኢትዮጵያ ሕግ ቅጠሏ የተከለከለች በመሆኗ፣ በሻሸመኔ የሰፈሩት ወገኖቻቸው ይህ መብት የላቸውም።

ለንግድ የሚያመርት ግን ከባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት አለበት። ለፈቃዱ ክፍያ፣ አጥርና ጥበቃ፣ በመሬቱም ላይ መብት እንዳለው የሚያሳይ ወረቀት ይጠየቃል። የካናዳ ኩባንያዎች ይህን ሁሉ አሟልተው ገቡ። ለዘመናት በኮረብታ ላይ እየተደበቀ ያመረተው፣ ሰብሉ የተቃጠለበትና ልጁ የታሰረበት ገበሬ ግን ብዙ ጊዜ የመሬት ወረቀት የለውም። ከ2014 በኋላ የቀድሞ የእስር መዝገቡን ማሰረዝ ይችላል። ምርቱን ግን ዛሬም አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ያለ ፈቃድ፣ በዚያው በአሮጌው ሥውር ገበያ ነው።