ሞተር ብስክሌቱ አልነሳ ሲል



እናንተ በምትሰጡት ድጋፍ የሚሠሩት ሞተር ብስክሌቶች ከቦሌ ቡልቡላ እስከ አያትና የካ አባዶ ድረስ ሕሙማንን በየቤታቸው የሚጎበኙ ሠራተኞችን ያመላልሳሉ። አንዱ ጠዋት አልነሳ ካለ የዕለቱ ጉብኝት ይቀራል፤ መድኃኒት የሚጠብቀውም ሰው ሳያገኝ ይውላል። የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ ሞተር ብስክሌቶችን ስለ ከለከለ፣ ከጎረቤት ተውሶ መሄድም መፍትሔ አይሆንም።

ሞተር አልነሳ ሲል ብዙዎች ካርቡራተሩን ወደ መፍታት ይቸኩላሉ። እኛ ግን አስቀድሞ እሳቱን መመርመር ይሻላል እንላለን። ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

መርገጫው ሲረገጥ ማግኔቱ ይዞራል። ከዚያ የሚገኘውን አነስተኛ ኤሌክትሪክ ቦቢናው ወደ ብዙ ሺህ ቮልት ያሳድገዋል፤ ይህም በካንዴላው ጫፍ ያለውን ክፍተት ዘልሎ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። በመካከል አንዱ ከተቋረጠ ሞተሩ አይነሳም። ስለዚህ በዚህ ቅደም ተከተል ይመርምሩ፦

1. ቤንዚን መኖሩን፣ ማጥፊያውም አለመዘጋቱን ይዩ።

2. ካንዴላውን ፈትተው ቀለሙን ይመልከቱ። ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁርና ደረቅ ከሆነ ጥቀርሻ ይዞታል፤ ከራሰ ቤንዚን ወይም ዘይት በዝቶበታል። ይጥረጉት፤ ክፍተቱንም በመመሪያው መጠን ያስተካክሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው።

3. ካንዴላውን ከሽቦው ጋር አገናኝተው ብረቱን ቴስታታው ላይ ያስነኩና መርገጫውን ይርገጡ። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደህና ነው፤ ወደ ቤንዚኑ መንገድ ይሂዱ። ቤንዚን በፈሰሰበት አጠገብ ይህን አያድርጉ፤ ብረቱንም በባዶ እጅ አይያዙ።

4. ብልጭታው ከሳሳ ወይም ከጠፋ በሌላ ደህና ካንዴላ ይሞክሩ። በክረምት የካንዴላው ቆብ ውኃ ስለሚይዝ በደረቅ ጨርቅ ያድርቁት።

5. አሁንም ከሌለ የማጥፊያውን ሽቦ ለጊዜው ይንቀሉ። ብልጭታው ከተመለሰ ጥፋቱ ከማጥፊያው ወይም ከሽቦው ነው።

6. ፑንቲና ባላቸው የቆዩ ሞተሮች መገናኛውን በቀጭን የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። ሲሞቅ ጠፍቶ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ሞተር ግን ቦቢናው ወይም ኮንደንሰሩ ሊሆን ስለሚችል ለመካኒክ ይሰጥ።

ካንዴላ በየጊዜው የሚጠቁር ከሆነ ከፍታውንም ያስቡ። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ ትርፉ ጥቀርሻ ይሆናል። ካርቡራተሩ ካልተስተካከለ አዲስ ካንዴላ መግዛት ብቻውን ችግሩን አያነሳም።

እያንዳንዱ ሠራተኛ መለዋወጫ ካንዴላ፣ መፍቻና ደረቅ ጨርቅ ከመቀመጫው ሥር ይያዝ። ካንዴላ የተለወጠበትንም ቀን ይመዝግብ፤ ተደጋጋሚ ጥፋት የሚታወቀው ከመዝገቡ ነውና። እናንተ የሰጣችሁት ዕቃ ረጅም ዘመን እንዲያገለግል ይህ የሁላችን አደራ ነው።