ፈረስ መጋለብ አማራችሁ? ከፈረሱ በፊት አሰልጣኙን ምረጡ

ሰሞኑን ተረኛ ሆኜ አንዲት እህት መጣች። ጠዋት ከፈረስ ወድቃ "ደህና ነኝ" ብላ ቤቷ ገብታለች፤ ማታ ማስመለስ ጀመራት። ሄልሜት አላደረገችም፤ አሰልጣኙም አድርጊ አላላትም። ደግነቱ በጊዜ ደረሰች።

ግልቢያ አዋቂ ሆኖም ይለመዳል፤ ለወገብና ለጭን ጡንቻም ጥሩ ነው። ግን እንጦጦም ሂዱ ሌላ ቦታ፣ ጥሩ አሰልጣኝ፦

✅ ያለ ሄልሜት ፈረስ ላይ አያወጣችሁም
✅ እርግዝና፣ የሚጥል በሽታ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት እንዳለ ይጠይቃል
✅ ከማስሮጥ በፊት ማቆም ያስተምራል
✅ ጫማችሁን ያያል፤ እርካብ ውስጥ የተቀረቀረ እግር ያስጎትታል

❌ "አይዞህ፣ ምንም አይልም" ብቻ ካለ፣ ብራችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

ጭንቅላታችሁ ተመትቶ ማስመለስ፣ ድብታ፣ ግራ መጋባት ወይም እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ካለ "ተኝቼ ልየው" አይባልም። ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል!

ለመጋለብ ላሰበ ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።