ሕያው ዓሣን በቤት ውስጥ ስለ ማቆየትና ስለ ውኃ ማጣሪያው አሠራር



በዕረፍት ቀን ወደ ቆቃ፥ ወደ ዝዋይ ወይም ወደ ላንጋኖ ወርደው በመንጠቆ ዓሣ የሚያጠምዱ የከተማ ሰዎች አሉ። ከእነርሱም ውስጥ አምባዛን ለመሳብ ጣት የሚያህል ሕያው ዓሣ በመንጠቆው ላይ ማድረግን የሚመርጡ ይገኛሉ። ነገር ግን ትንንሾቹን ዓሣዎች አስቀድሞ ይዞ በቤቱ እስከ ቅዳሜ ለማቆየት የሞከረ ሰው፥ ብዙ ጊዜ በማለዳ የሚያገኛቸው ሞተው ተንሳፍፈው ነው። ምግብ ተሰጥቷቸዋል፤ ውኃውም ለዓይን የጠራ ነው። ታዲያ የገደላቸው ምንድን ነው?

የገደላቸው ከራሳቸው የወጣ መርዝ ነው። ዓሣ ከበላው ምግብ የሚተርፈውን ቆሻሻ በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያወጣዋል። ይህ መርዝ በሐይቅ ውስጥ በብዙ ውኃ ተበታትኖ ኃይሉን ያጣል፤ በበርሜል ውስጥ ግን በየሰዓቱ ይጠራቀማል። አሞኒያ ቀለም የለውምና የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ ውኃ አይደለም።

ስለዚህ ማጣሪያ ማለት እንደ ማጥለያ ጉድፍ የሚያስቀር ዕቃ ብቻ አይደለም። ዋናው ሥራው ለጠቃሚ ባክቴሪያዎች መኖሪያ መሆን ነው። አንደኞቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፤ ይህም ራሱ መርዝ ነው። ሌሎቹ ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወዳነሰው ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የተባለው የሩሲያ ሊቅ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. እነዚህን ተሕዋስያን ለይቶ በማውጣት ሥራቸውን አስረድቷል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 100 ሊትር የሚይዝ ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል ይዘጋጃል። የ20 ሊትር ባልዲ ታቹ በብዙ ቦታ ይበሳና በበርሜሉ አፍ ላይ በሁለት ጠንካራ እንጨቶች ይቀመጣል። በባልዲው ውስጥ፥ ከበታች በቢሾፍቱ አካባቢ የሚገኘው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፥ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ ይሞላል፤ ከላይ ደግሞ ጉድፍ የሚይዝ ስፖንጅ ይደረጋል። የድንጋዩ ቀዳዳዎች ባክቴሪያዎቹ የሚሰፍሩባቸው ቤቶች ናቸው። በበርሜሉ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ፓምፕ ውኃውን በጎማ ቱቦ ወደ ባልዲው ያወጣል፤ ውኃውም በድንጋዩ መካከል አልፎ ተመልሶ ይወርዳል። ፓምፑ በሰዓት ከ200 እስከ 300 ሊትር ቢያመላልስ ይበቃል። ዓሣ ዘላይ ስለሆነ የቀረው የበርሜሉ አፍ በመረብ ይሸፈን። እጅን ወደ ውኃው ከማስገባት በፊትም ፓምፑን ከኤሌክትሪክ መንቀል ግዴታ ነው።

ውኃው ከከፍታ መውረዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ አየር ይቀላቅላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውኃ በባሕር ጠለል ላይ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፥ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በአዲስ አበባ የሚይዘው ወደ 7 ሚሊግራም ብቻ ነው። ስለዚህ በከተማችን በ100 ሊትር ውስጥ ከ20 ትንንሽ ዓሣዎች በላይ ማጨናነቅ አይበጅም። መብራት በጠፋ ጊዜም ውኃውን በጣሳ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ዓሣዎቹን ከመታፈን ያድናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ትዕግሥት ነው። ባክቴሪያዎቹ ተራብተው ለሥራ እስኪበቁ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ 4 ወይም 5 ዓሣዎችን ብቻ አስገብቶ፥ ውኃውን ቶሎ ቶሎ በከፊል እየለወጡ መቆየት ይገባል። አስቀድሞ የሚሠራ የዓሣ ገንዳ ካለው ወዳጅ ያገለገለ ስፖንጅ ቢገኝ ጊዜው ያጥራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በጽዳት ላይ ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ ማጠብ፥ በክሎሪኑ ምክንያት የተደከመባቸውን ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል፤ የሚታጠበው ከበርሜሉ በተቀዳ ውኃ ነው። በየሳምንቱም ከውኃው አንድ አራተኛው ይለወጥ። የሚጨመረው የቧንቧ ውኃ አፉ በተከፈተ ዕቃ ውስጥ እየተማሰለ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ምግብ በጥቂቱ ይሰጥ፤ የተረፈ ምግብ በስብሶ አሞኒያ ይሆናልና። ወደ ሐይቅ ከመሄድ አንድ ቀን በፊት ደግሞ ጨርሶ ባይሰጥ በመንገድ ላይ ውኃው አይበከልም።

በመጨረሻ አንድ አደራ አለ። ከአንድ ሐይቅ የተያዙ ዓሣዎችን ወይም የመጡበትን ውኃ ወደ ሌላ ሐይቅ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ በሽታንና ለዚያ ስፍራ እንግዳ የሆነ ዘርን ያዛምታል። አንድ ባልዲ ውኃ በቤታችን ቀላል ነገር ቢመስልም፥ ከሐይቅ ከገባ በኋላ መልሶ የሚያወጣው የለም።