ፀሐይ የተባለችው አይሮፕላን

እኛ የዲላ ተማሪዎች አይሮፕላን ሲባል ከውጭ አገር ተገዝቶ የሚመጣ ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን በ1928 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ አይሮፕላን በአዲስ አበባ ተሠርታ በርራለች። የሠሯት ጀርመናዊው አብራሪ ሉድቪግ ቬበርና ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ናቸው። ስሟም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ተሰየመ።

በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። አይሮፕላኗም ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፤ በብራቻኖ ሐይቅ ዳር በሚገኘው የአየር ኃይል ቤተ መዘክር ለብዙ ዘመን ቆየች። በጥር 2016 ዓ.ም. ኢጣልያ ለኢትዮጵያ መለሰቻት።

ባለቤቷ ሁለት ጊዜ ቢለወጥም ስሟ አልተለወጠም። እኔ ግን ከመመለሷ ይልቅ መሠራቷን አብልጬ አከብራለሁ። ሁለተኛዋን መሥራት የእኛ የተማሪዎች ፈንታ ነውና፥ እንበርታ!