ተላላፊ በሽታን ለመቆጣጠር የተሰጠ ሥልጣንና ወሰኑ፦ ከመካነ ሰላምና ከምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ አንጻር

መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ከተማዋን አልፎ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርድና ማዶ ተሻግሮ ምሥራቅ ጎጃም ጉንደ ወይን ይደርሳል። በዚህ መስመር ነጋዴው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ተማሪውና ከጸበል የሚመለሰው ምእመን ይመላለሳሉ፤ ለገበያ የሚነዳው ከብትም እንዲሁ። በሽታም የሚጓዘው ከእነዚሁ ጋር ነው። ስለዚህ የወረርሽኝ ምልክት ለአንድ የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት በሚደርስበት ጊዜ ከሕክምናው ጥያቄ ጎን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። የጤና ኃላፊው ምንን ማገድ፣ ማንን ለይቶ ማቆየት፣ ይህንንም ለስንት ቀን ማድረግ ይችላል?

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ጥያቄውን ከሕጉ ይዘትና ከበሽታዎቹ ጠባይ አንጻር ማብራራት ነው። ሕጉ ለጤና ኃላፊ የሚሰጠው ሥልጣን በውኃ፣ በምግብ፣ በበድንና በመሰብሰቢያ ቦታ ላይ ሰፋ ያለ ሲሆን በሰው ነጻነት ላይ ግን ጠባብ ነው። ይህ አቀማመጥ ከሕክምና ዕውቀት ጋር ይስማማል። ችግር የሚፈጠረው ሰውን መለየት የግድ በሚሆንባቸው ጥቂት በሽታዎች ላይ ነው፤ በእነዚህ ረገድ የትእዛዙ ሥርዓት በግልጽ መቀመጥ አለበት።

የማሳወቅ ግዴታ

የኅብረተሰብ ጤና አዋጅ ቁጥር 200/1992 ስለ ተላላፊ በሽታ የሚደነግገውን ክፍል የጀመረው ከነዋሪው ግዴታ ነው። በአካባቢው ተላላፊ በሽታ መኖሩን ያወቀ ማንኛውም ሰው በአቅራቢያው ለሚገኝ የጤና ተቋም ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ፣ መረጃው የደረሰው ተቋምም እርምጃ እንዲወስድና ለሚመለከተው የጤና ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ደነገገ። የኃላፊው ሥልጣን የሚነቃው በዚህ መረጃ ነው፤ ያልተነገረውን በሽታ ሊቆጣጠር የሚችል ሹም የለምና።

ግዴታው በሥራ ላይ የሚውለው በቅኝት ሥርዓቱ አማካይነት ነው። በቀበሌ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ወረዳው ወደ ዞን ጤና መምሪያ፣ ዞኑ ወደ ክልል ያስተላልፋሉ፤ መረጃው በመጨረሻ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይደርሳል። ኩፍኝ፣ አባ ሰንጋና የእብድ ውሻ በሽታ አንድ ተጠርጣሪ ብቻ ሲገኝ ወዲያው ይነገራሉ፤ ወባ፣ ተስቦና ግርሻ ደግሞ በየሳምንቱ ተደምረው ይላካሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ደግሞ ዓለም አቀፍ ስጋት ሊሆን የሚችል ክስተት በተመዘነ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲገለጽ አገሮችን ያስገድዳል። ስለዚህ ከአንድ የቦረና ቀበሌ የተነሣ ቃል ከፍ ላለ የአገር ግዴታ መነሻ ሊሆን ይችላል።

በነገሮች ላይ ያለ ሥልጣን

ይኸው አዋጅ ስለ ምግብና ውኃ ጥራት፣ ስለ ቆሻሻ አወጋገድና ስለ አስከሬን አቀባበር ደንግጎ፣ እነዚህን የሚከታተሉ ተቆጣጣሪዎች እንዲመደቡ አድርጓል። ይህ ክፍል ተራ የጽዳት ጉዳይ ሊመስል ይችላል። በደጋው አካባቢ የሚያሰጉ በርካታ በሽታዎች የሚገቱት ግን በዚህ ሥልጣን ነው፤ ሦስት ምሳሌዎች ነገሩን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው አባ ሰንጋ ነው። በሽታው ከእንስሳ ወደ ሰው የሚመጣ እንጂ ከሰው ወደ ሰው በቀላሉ የሚተላለፍ ስላልሆነ በሽተኛውን ከጎረቤቱ መነጠል ትርጉም የለውም። አደጋው ያለው በበድኑ፣ በሥጋውና በቆዳው ላይ ነው። የሚያስፈልገው ሥልጣንም ሥጋው እንዳይከፋፈል ማገድና በድኑ ሳይገፈፍ በጥልቅ እንዲቀበር ማዘዝ ነው። እዚህ ላይ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ብቻውን አይበቃም፤ የእንስሳት በሽታዎችን ስለ መከላከልና መቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 267/1994 የእንስሳት ጤና ባለሙያውንም የሥራው ተካፋይ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ኮሌራ ነው። የኮሌራ ተሕዋስ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታያል። መንገድ መዝጋት በሽታውን ሲያቆመው አይታይም፤ የሚያቆመው ንጹሕ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና ፈጣን ሕክምና ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በምዕራብ ጎንደር ዞን ቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል የተከሰተው ወረርሽኝ የነገሩን ክብደት አሳይቷል። ከሩቅ አገር የመጡ ምእመናን በተሰበሰቡበት ስፍራ ቦታውን በድንገት ዝጉ ማለት፣ በሽታው በሰውነታቸው ያለ ነገር ግን ገና ያልታመሙ ሰዎችን ወደየወረዳቸው መበተን ሊሆን ይችላል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ሃይማኖትን የመግለጽ መብት ለጤና ሲባል በሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይገልጻል። ሥልጣኑ ቢኖርም ብልህ አጠቃቀሙ ከደብሩ አስተዳደር ጋር ተመካክሮ ውኃውን ማከም፣ መጸዳጃ ማዘጋጀትና የሚመለሱትን ለየወረዳቸው ጤና ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ማሳወቅ ነው።

ሦስተኛው በቅማል የሚተላለፈው ግርሻ ነው። ብርድ ባለበት ደጋ፣ ሰዎች ተጨናንቀው በሚያድሩበት ማረፊያ ይስፋፋል። መፍትሔው ልብስን በፈላ ውኃ ማጠብና የታመሙትን ማከም ነው። ኃላፊው የሚያስፈልገው ማረፊያ ቤቱን ገብቶ የማየትና ጽዳቱን የማስፈጸም ሥልጣን ነው።

በሰው ላይ ያለ ሥልጣን

ኩፍኝን የመሰሉ በትንፋሽ የሚተላለፉ በሽታዎች ግን የተለዩ ናቸው። የኩፍኝ በሽተኛ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ እስከ ወጣ 4 ቀን ድረስ ሌሎችን ሊያስይዝ ስለሚችል መከላከያው ክትባትና በሽተኛውን ለይቶ ማቆየት ነው። አዋጅ ቁጥር 200/1992 ወረርሽኝ ያሰጋል ተብሎ ሲታመን ትምህርት ቤቶችንና የመዝናኛ ቦታዎችን የመዝጋት፣ ተላላፊ በሽታ ያለበትንም ሰው ለጊዜው ከሥራ የማግለል ሥልጣን ለጤና ባለሥልጣን ሰጥቷል። ይሁን እንጂ አንድን ሰው ያለ ፈቃዱ በአንድ ስፍራ ለማቆየት ትእዛዙ በማን፣ በምን መልክና ለስንት ቀን እንደሚሰጥ፣ ቅሬታውም ለማን እንደሚቀርብ በዝርዝር አላስቀመጠም።

ይህ ዝምታ ቀላል አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 17 ማንም ሰው በሕግ ከተደነገገው ሥርዓት ውጭ ነጻነቱን እንዳያጣ ይከለክላል። በወንጀል ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው በአንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። በበሽታ የተጠረጠረው ግን ወንጀለኛ ስላልሆነ ይህ የጊዜ ገደብ አያገለግለውም፤ ሌላ ሥርዓት ካልተበጀለት ከወንጀል ተጠርጣሪው ያነሰ ዋስትና ይኖረዋል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 514 ተላላፊ በሽታን ሆን ብሎ ማሰራጨትን ቢቀጣም ይህ ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ በፍርድ ቤት የሚሠራ መሣሪያ ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ ልሂድ የሚለውን ሕመምተኛ በተመለከተ ለጤና ኃላፊው መልስ አይሰጥም።

የ2012 ዓ.ም. ልምድ

ይህ ክፍተት በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወቅት ጎልቶ ታየ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. መገኘቱ ተገለጸ። የትግራይ ክልል መጋቢት 17 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አወጀ፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 ወረርሽኝ ሲከሰት ክልሎች በግዛታቸው እንዲህ ያለ አዋጅ እንዲያውጁ ይፈቅዳልና። በዚያው ወር የአማራ ክልል በባሕር ዳር፣ በእንጅባራ፣ በቲሊሊና በአዲስ ቅዳም ከተሞች ለ14 ቀናት እንቅስቃሴን ገደበ። መጋቢት 30 ቀን የሚኒስትሮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 3/2012ን አወጣ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ሚያዝያ 2 ቀን አጸደቀው። አዋጁ ለ5 ወራት የሚጸና ሲሆን ክልከላውን የጣሰ ሰው እስከ 3 ዓመት እሥራት ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር መቀጮ ይጠብቀው ነበር።

ልምዱ የሚያሳየው ሁለት ጫፎችን ነው። በአንድ ወገን ነዋሪው እንዲያሳውቅና እንዲተባበር የሚጠይቅ መደበኛ ሕግ፣ በሌላ ወገን መብቶችን በአገር ደረጃ የሚገድብ አስቸኳይ አዋጅ አለ። በመካከሉ አንድ ሰው፣ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ ጎጥ ለጥቂት ቀናት የሚለይበት የዘወትር ሥርዓት ያስፈልጋል። በመካነ ሰላም ለሚገኝ አንድ የኩፍኝ በሽተኛ አገር አቀፍ አዋጅ አይታወጅም፤ ሥርዓት ከሌለም ኃላፊው ያለው ምርጫ ዝም ማለት ወይም ከሥልጣኑ አልፎ በሚሊሻ ማስገደድ ይሆናል።

የትእዛዙ መመዘኛ

እ.ኤ.አ. በ1984 የተዘጋጁት የሲራኩዛ መርሆዎች መብትን የሚገድብ እርምጃ በሕግ የተመሠረተ፣ ለሕጋዊ ዓላማ የሚያስፈልግ፣ ካሉት አማራጮች ሁሉ ቀላሉ፣ በጊዜ የተወሰነና እንደገና ሊታይ የሚችል እንዲሆን ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ መርሆዎቹ የሚተረጉሙት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አባል ናት። እነዚህን ወደ ወረዳ ሥራ ስንመልሳቸው አንድ የማቆያ ትእዛዝ በጽሑፍ ሆኖ አምስት ነገሮችን መያዝ ይኖርበታል። እነርሱም የበሽታው ስምና የጥርጣሬው ምክንያት፣ ከበሽታው ጠባይ የተነሣ የቀን ቁጥር፣ የሚቆይበት ስፍራ፣ በዚያ ጊዜ ቀለቡንና ሕክምናውን የሚሸፍነው አካል፣ ቅሬታው የሚቀርብበትና መልስ የሚያገኝበት ቦታ ናቸው።

አራተኛው ነጥብ በደጋው ገበሬ ዘንድ ከሁሉ የበለጠ ክብደት አለው። በአጨዳ ወራት 10 ቀን ከማሳው የራቀ አባወራ የዓመት እህሉን ለዝናብና ለአውሬ ይተዋል። በሬው በአባ ሰንጋ ሞቶበት ሳይገፈፍ እንዲቀብር የታዘዘም ያለ ካሳ ጥሪቱን ያጣል። ኪሣራው በአንድ ቤት ብቻ ከወደቀ የሚቀጥለው ጎረቤት በሽታውን ይሸሽጋል። ዕድር፣ ወንፈልና ደቦ ባሉበት አገር ጉልበቱን የሚተካለትን ማስተባበር አይከብድም፤ ዳሩ ግን የኃላፊው ትእዛዝ ይህን አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ትእዛዙን ካህኑና ሼኹ፣ የአገር ሽማግሌውም ተረድተው ካስረዱት ደግሞ ሚሊሻ የሚጠራበት ጊዜ ጥቂት ይሆናል።

ብዙ ጊዜ የጤና ኃላፊን ሥልጣን በሥርዓት መወሰን ሥራውን የሚያዳክም ተደርጎ ይታሰባል። ከላይ የተዘረዘረው ተቃራኒውን ያመለክታል። የበሽታ ቁጥጥር የሚጀምረው አንዲት እናት የልጇን ሽፍታ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ስትናገር ነው። ከተናገረች በኋላ ምን እንደሚደርስባት፣ ለስንት ቀን እንደሚቆይና ማን እንደሚረዳት ካወቀች ትናገራለች፤ ካላወቀች ልጇን ትደብቃለች። ወሰኑ የታወቀ ሥልጣን ሰዎች ፈርተው የማይሸሹት ሥልጣን ስለሆነ በሽታውን ቀድሞ የማግኘት ዕድሉ የሰፋ ነው።